ትንሽ ይቀራታል

ነገሩ የጀመረው በጥር ወር አንድ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱን እርግጠኛ ሆኜ የምናገረው፣ ጋራዡ በር ላይ ደርሼ መግባት ስላፈርኩ ስልኬን የማይ መስዬ ቆሜ ስለነበር ነው።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። በመካኒካል ምህንድስና ተመርቄ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ በሚገኝ አንድ የቴክኒክ ማሰልጠኛ ከተቀጠርኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። የመኪና አካላትን አስተምራለሁ፤ ግን ሰሌዳ ላይ ከምስላቸው ነገሮች አብዛኞቹን በእጄ ይዤ አላውቅም ነበር። ይህ ስላስጨነቀኝ፣ በከተማው የታወቁት መካኒክ ጋሽ ተሰማ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ ሥራቸውን እንድመለከት እንዲፈቅዱልኝ ጠየቅኳቸው። የጠየቅኳቸው በደብዳቤ ነው። ጋራዣቸው ከማሰልጠኛው ሦስት መቶ ሜትር አይርቅም። ደብዳቤውን አንብበው ሲጨርሱ፣ «ነይ፤ ግን በር ላይ አትቁሚብኝ። ወይ ግቢ፣ ወይ ሂጂ» አሉኝ።

ዓይን አፋርነቴን ላጋንነው አልፈልግም፤ ምን ያህል እንደነበር ብቻ ልናገር። ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ከብዶኝ መውረጃዬን አልፌ፣ ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቄ በእግሬ የተመለስኩባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። ክፍል ውስጥ ስናገር ድምፄ ከሦስተኛው ወንበር አያልፍም። ተማሪዎቼ ይህን ስለሚያውቁ ወደፊት ተጠጋግተው ይቀመጡልኝ ነበር።

የዚያን ቀን ጠዋት ጋራዡ ግቢ ውስጥ ከሁለት አይሱዙዎች መካከል አንዲት ቀይ መኪና ቆማለች። ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ሆዷ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ከፍ ያለ፣ ለሩጫ የተሠራች የጃፓን መኪና ነች። እንዲህ ዓይነት መኪና እኛ ከተማ ውስጥ አይቼ አላውቅም። የአይሱዙዎቹ ሾፌሮች ከበዋታል።

«ይቺ መኪና ናት ወይስ ገና የምታድግ ናት?» አለ አንደኛው።

«ቁጭ ብላ ነው መሰለኝ የምትሄደው» አለ ሌላው።

ባለቤቷ ሙሉጌታ ቀልዱን የለመደው ይመስላል፤ ይስቃል። ዕድሜው ሠላሳ አምስት ገደማ ነው። የሲማዳ ሰው ነው፤ ወገዳ ተወልዶ አዲስ አበባ ይሠራል። በማግስቱ እሁድ ወገዳ ላይ የታናሽ እህቱ ሠርግ ነው። እናቱ ደግሞ ለሕክምና መካነ ኢየሱስ ዘመድ ቤት ከርመው ስለነበር፣ እሳቸውን ይዞ ከሰዓት በፊት መንገድ መግባት ነበረበት። ችግሩ፣ ከደብረ ታቦር ሲመጣ የመኪናዋ የፊት እግሮች መንኳኳት ጀምረዋል፤ መሪውም ወዲያና ወዲህ ይላል።

ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። የፊት ጎማን የሚሸከመው የብረት ክንድ በጋራዥ ቋንቋ ብራቾ ይባላል። ብራቾው ከመኪናው አካል ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ብረት ከብረት እንዳይፋጭ የጎማ ቀለበት ይገባል፤ ጎሚኒ የሚሉት እሱን ነው። መሪውም የራሱ ጎሚኒዎች አሉት። የሙሉጌታ መኪና ጎሚኒዎች ደርቀው ተሰነጣጥቀው ነበር። እሱ ግን ቀድሞ ተዘጋጅቶበታል። ለእሽቅድምድም መኪና የሚሆን፣ ከላስቲክ የሚጠነክር ቢጫ ጎሚኒ ከውጭ አገር አስመጥቶ ሻንጣው ውስጥ ይዞ ይዞራል።

ጋሽ ተሰማ አንዱን ቢጫ ቀለበት አንስተው በጥፍራቸው ጫን አደረጉት።

«ይሄ ጎሚኒ ነው ወይስ ከረሜላ?»

«ጋሼ፣ ከላስቲኩ የተሻለ ነው። አይለጠጥም። መሪውን ወደፈለግክበት ስታዞር እዚያው ነው የምትሄደው። ትንሽ ድምፅ ግን አለው ይላሉ፤ ስለሚጠነክር ያንኳኳል።»

«የሚያንኳኳ ነገር ከፍለህ ታስገባለህ እንዴ?» አሉና ሳቁ። ከዕቃው ጋር የመጣውን ወረቀት ወደ እኔ ዘረጉት። «ባንቹ፣ እንግሊዝኛ ያንቺ ነው። እስኪ ምን ይላል?»

ስሜ ባንችአየሁ ነው፤ እሳቸው ያሳጥሩታል። ወረቀቱን አነበብኩ። ትልልቁ ጽሑፍ ማስታወቂያ ነው፤ ዋናው ነገር ከታች በደቃቃ ፊደል ተጽፏል። ብሎኖቹ መጀመሪያ በእጅ ብቻ ይገባሉ፤ መኪናው ወርዶ በገዛ ክብደቱ በአራት እግሩ ከቆመ በኋላ ነው በቁልፍ የሚጠበቁት። ተንጠልጥሎ ሳለ ከተጠበቀ ጎሚኒው ተጣምሞ ይታሰራል። ይህን ቀስ ብዬ ነገርኳቸው። ሠላሳ ዓመት የሠሩ ሰው ናቸውና ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

«ልክ ነው» አሉ። «የአይሱዙን ክብደት የሚሸከመው ባሌስትራም እንደዚያው ነው። ክብደቱን ሳይሸከም ብታስሪው ይሰበራል። እንደተጻፈው እናደርጋለን።»

ሥራው ሁለት ሰዓት ያህል ወሰደ። የድሮዎቹን ጎሚኒዎች በእሳት አቃጥለው በመዶሻ ሲያወጧቸው ግቢው በላስቲክ ሽታ ታፈነ። አዲሶቹን በወረቀቱ እንደታዘዘው ከዕቃው ጋር በመጣው ቅባት ቀብተው አስገቧቸው። ከዚያ ጋሽ ተሰማ ያልጠበቅኩትን ነገር አደረጉ። ሁለቱን ብራቾዎችና መሪውን ቦታቸው ላይ ካደረጉ በኋላ ብሎኖቹን ለእኔ ሰጡኝ።

«ግቢና አስገቢያቸው። በጣትሽ ብቻ።»

መኪናዋ ሥር ገብቼ ስድስቱንም ብሎኖች አስገባሁ፤ በግራ ሁለት፣ በቀኝ ሁለት፣ በመሪው ሁለት። ብሎኑን ከጫፉ የሚይዙትን ዳዶዎች በጣቴ አዙሬ አስያዝኳቸው። ጎማዎቹ ተገጠሙ፣ ክሪኩ ወረደ፣ መኪናዋ በአራት እግሯ ቆመች። መኪና ከሥር ለመሥራት ከተቆፈረው ጉድጓድ በላይ ገፍተው አቆሟት። የቀረው ጋሽ ተሰማ ጉድጓዱ ውስጥ ገብተው ስድስቱን ብሎን በቁልፍ ማጥበቅ ነው። ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ሙሉጌታ እናቱን ሊያመጣ ሄደ።

ጋሽ ተሰማ ጉድጓዱ ጫፍ ላይ አንድ እግራቸውን እንዳወረዱ ጥሩምባ ተነፋ።

እኛ አገር ጥሩምባ ሲነፋ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ሰው ሥራውን አይጨርስም፤ የያዘውን ያስቀምጣል። ጥሪውን የሚያሰማው ሰው ከመንገዱ ማዶ ስም ሲጠራ ጋሽ ተሰማ ያወረዱትን እግር መለሱ። የሞቱት የክርስትና አባታቸው ናቸው። ቁልፉን መሬት ላይ አኖሩ፤ እጃቸውን በጋዝ ታጠቡ፤ ጋቢያቸውን ከሚስማር ላይ አወረዱ። ሠራተኞቹም ሾፌሮቹም ተከተሏቸው። በር ላይ ዞር ብለው፣

«ባንቹ፣ አንቺ ቆይ» አሉኝ። «ልጁ ቢመጣ ብሎኑ እንዳልጠበቀ ንገሪው። መኪናዋ እንዳትንቀሳቀስ። ቀብሩ እንዳበቃ እመጣለሁ።»

«እሺ» አልኩ።

ብቻዬን ቀረሁ። ቁልፉ ጉድጓዱ አፍ ላይ፣ ከእግሬ አንድ እርምጃ ርቀት ላይ ተቀምጧል። ብሎኖቹ የት እንዳሉ አውቃለሁ፤ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። ምን ያህል መጥበቅ እንዳለባቸውም ወረቀቱ ላይ አንብቤያለሁ። ግን የሰው ቁልፍ ነው፤ አጥብቂ አልተባልኩም። ሁለት ሰዓት ያህል በርጩማ ላይ ተቀምጬ ያንን ቁልፍ አየሁት።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሙሉጌታ መጣ። ከእናቱ ከእማማ ዘነቡና ከአጎቱ ከአያ ደምሴ ጋር ነው። አያ ደምሴ ረጅም፣ ድምፃቸው ከሰውየው ቀድሞ የሚገባ ሽማግሌ ናቸው።

«አለቀች!» አለ ሙሉጌታ መኪናዋን በእግሯ ቆማ ሲያያት።

ተነሣሁ። «ትንሽ ይቀራታል» አልኩ።

«ምን አለች?» አሉ አያ ደምሴ።

«ትንሽ ይቀራታል አለች» አለ ሙሉጌታ።

«ትንሽማ ለሁላችንም ይቀረናል!» አሉና ሳቁ። ሙሉጌታም ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ። ያንን ፈገግታ እስካሁን አልረሳውም።

«ጋሽ ተሰማ ቀብር ሄደው ነው» አልኩ። «እስኪመጡ ብትቆዩ ጥሩ ነበር።»

«ነፍስ ይማር። ግን እኛ ከጠበቅን ይመሽብናል፤ መንገዱን ታውቂዋለሽ» አለ ሙሉጌታ። «ብሎኖቹ ሁሉም ገብተዋል አይደል?»

«ገብተዋል፤ ግን…»

«ግን» ከማለቴ እማማ ዘነቡ ጉንጬን በሁለት እጃቸው ይዘው አገላብጠው ሳሙኝ። «የማን ልጅ ነሽ የኔ እመቤት? ሴት ልጅ እዚህ ጥቀርሻ ውስጥ! የእስቴ ልጅ ነሽ?» አሉኝ። ትልቅ ሰው እየሳመ ሲጠይቅ አንገት ደፍቶ መመለስ ነው እንጂ በላዩ ስለ ብሎን አይወራም። የአባቴን ስም ነገርኳቸው። አባቴን አላወቋቸውም፤ አያቴን ጠየቁኝ። አያቴን ነገርኳቸው። ይህን ስናወራ አያ ደምሴ እየተነጫነጩ ከኋላ ወንበር ገቡ፤ «እግሬን የት ላድርገው? ለእግሬ ሌላ መኪና ጥራልኝ!» ይላሉ። ሙሉጌታ እናቱን ደግፎ አስገባ። የሞተሩ ቁልፍ መኪናዋ ላይ እንደተሰካ ነበር። አስነሣት።

እጄን ከፍ አደረግኩ። የስንብት መስሏቸው እማማ ዘነቡም እጃቸውን አወዛወዙልኝ። መኪናዋ ከግቢው ወጣች።

ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም፤ አሥር ደቂቃ ይሆናል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ማንም ሰው ሊያደርገው የሚችለውን ስሌት ሁሉ ሠራሁ። በጣት የተያዘ ዳዶ በኮረኮንች መንገድ ይላላል። ዳዶው ከወለቀ ብሎኑ ቀስ በቀስ ይወጣል። ብሎኑ ከወጣ ብራቾው ይለቃል። በሜዳ ላይ ከሆነ መኪናዋ በግንባሯ ትተኛለች፤ የሚጎዳ ሰው ላይኖር ይችላል። ወደ ወገዳ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ፣ በስተግራ ገደል ባለበት፣ ፍሬን ሲያዝ ከሆነ ግን ጎማዋ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ መሪውም አይታዘዝም። መንኳኳት ቢሰማ ሙሉጌታ አይቆምም፤ አዲሱ ጎሚኒ ያንኳኳል ብሎ ራሱ ነግሮናል። ስልክ ቁጥሩን አላውቅም።

የብሎኑን ቁልፍ በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጥኩ።

ፍትሐቱ ገና አላበቃም። ሴቶቹ በአንድ ወገን፣ ወንዶቹ በሌላ ወገን ቆመዋል። እኔ በቅባት የጠቆረ ቱታ ለብሻለሁ። በሴቶቹ በኩል ዞሬ ለመሄድ አሰብኩ፤ ጊዜ የለም። በወንዶቹ መካከል ገባሁ። አንድ ሰው «ወዴት ነው?» ብሎ ሹክ አለኝ፤ አልመለስኩም። ጋሽ ተሰማ ከአስከሬኑ አጠገብ ቆመዋል። የጋቢያቸውን ጫፍ ሳብኩ።

ፊቴን ብቻ አይተው ገባቸው። «ወሰዳት?»

«አዎ።»

«ነገርሽው?»

አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ወደ ካህናቱ አዩ፤ ወደ አስከሬኑም አዩ። ሬሳውን ወደ መቃብሩ ከሚያወርዱት አንዱ እሳቸው ናቸው።

«ቁልፉ እዚያው ነበር» አሉ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። «አንቺ ለምን አላጠበቅሽውም?»

በቁጣ አልነበረም። በእውነት ስላልገባቸው ነው የጠየቁኝ።

«አላዘዙኝም።»

«አሁን አዝዣለሁ። ሂጂ። ባጃጅ ያዢ። የምታጠብቂው አንቺ ነሽ፤ ሌላ ሰው አትፈልጊ።»

ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የመጀመሪያውን ባጃጅ አስቆምኩ። ሾፌሩ ሞላ ይባላል፤ ጢሙ የሸበተ፣ ወሬ የማያልቅበት ሰው ነው።

«የት ነው እህቴ?»

«ወደ ወገዳ።»

«ወገዳ በባጃጅ! እኔ ሞላ ነኝ እንጂ አውሮፕላን አይደለሁም።»

«ቅድም የወጣችውን ቀይ መኪና መድረስ አለብን። የፊት እግሯ ብሎኖች አልጠበቁም። ቁልቁለቱ ላይ ከደረሰች ትገለበጣለች። ሦስት ሰዎች አሉባት።»

ለሙሉጌታ ያልወጣኝ ነገር ለዚህ ለማላውቀው ሰው አንዴም ሳልደናቀፍ ወጣልኝ። ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ አላሰብኩትም። ሞላ መቀለዱን ተወ። ባጃጁን አዙሮ ነዳ።

ከከተማው እንደወጣን አስፋልት የሚባል ነገር የለም። አቧራው ፊታችንን ሸፈነው። አንድ ነገር ይረዳን ነበር፤ ዝቅ ያለች መኪና በኮረኮንች ላይ ቶሎ አትሄድም። በየድንጋዩ እየተጠነቀቀች ትሳባለች። ባጃጁ ግን ይዘላል። ሞላ በየመንገዱ የሚያገኘውን ሰው «ቀይ መኪና?» እያለ ይጠይቃል። አንዲት ሴት «አሁን አለፈች» አለች። ጥቂት አልፈን አንድ ገበሬ፣ «ያቺ እየተንኳኳች የምትሄደው? እንደ ወፍጮ ነው የምትጮኸው» አለን።

«እንደ ወፍጮ» አለ ሞላ ወደ እኔ ሳያይ። ከዚያ በኋላ ሰው አልጠየቀም።

አርባ ደቂቃ ያህል ከሄድን በኋላ መንገዱ ከፍ ብሎ ሜዳ ላይ ወጣ። ከዚያ ሜዳ ጫፍ ነው ቁልቁለቱ የሚጀምረው። ገበያተኞች አህያ እየነዱ መንገዱን ሞልተውታል። ከአህዮቹ ማዶ ቀዩ ጣሪያ ታየኝ። መኪናዋ ሰው እስኪያሳልፋት በዝግታ እየተሳበች ነው። ከፊቷ የቀሩት አህዮች አምስት ወይም ስድስት ቢሆኑ ነው። እነሱን ካለፈች መንገዱ ባዶ ነው፤ ከዚያ ቁልቁለቱ ነው።

ሞላ የባጃጁን ጥሩምባ ነፋ። ገበያተኞቹ ዘወር አሉ፤ መኪናዋ አልቆመችም። አህዮቹ ከፊታችን ተደበላለቁ።

«ማለፍ አልችልም» አለ ሞላ። «ጥሪው! ስሙን ጥሪው!»

ከባጃጁ ወርጄ በአህዮቹ መካከል ሮጥኩ። ጭነት ትከሻዬን መታኝ። «ጋሽ ሙሉጌታ» አልኩ። ለራሴም አልተሰማኝም። ከፊት ያሉት አህዮች ተበተኑ። የመኪናዋ የኋላ መብራት ጠፋ፤ እግሩን ከፍሬኑ ላይ አነሣ ማለት ነው።

«ሙሉጌታ! ቁም!» አልኩ። «ሙሉጌታ! አትንዳ! ጎማህ ሊወልቅ ነው! ቁም!»

ያ ድምፅ የእኔ መሆኑን ያወቅኩት ሰዎች ሁሉ ዞረው ሲያዩኝ ነው። አንድ አህያ ደንግጦ ጭነቱን ጣለ። መኪናዋ ቆመች።

ሙሉጌታ ወርዶ መጣ። «ምን ሆነሽ ነው?»

«ብሎኖቹ አልጠበቁም። አንዱም። በጣት ብቻ ነው የተያዙት።»

ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። መኪናው ውስጥ እማማ ዘነቡ፣ «እኔ አላልኩህም? ይንኳኳል አላልኩህም?» ሲሉ ይሰማል።

«አዲሱ ጎሚኒ እስኪለምድ ነው ብዬ እኮ ነው እማዬ» አለ፤ ግን ለእሳቸው አልነበረም የሚናገረው።

መኪናዋ ዝቅ ያለች ስለሆነች ሥሯ መግባት አይቻልም። ከፊቷ ጥቂት ሜትር ላይ ባለፈው ክረምት ጎርፍ የሸረሸረው ቦይ መንገዱን አቋርጦታል፤ አሁን ደረቅ ነው። እናቱና አጎቱ ወረዱ። ገበያተኞቹ ለጎማዎቹ መሻገሪያ ድንጋይ ደርድረው፣ በእጃቸው እየገፉ የፊት ጎማዎቿን ከቦዩ አሻገሩልኝ። ቦዩ ውስጥ በጀርባዬ ተኝቼ ገባሁ። ወደ ብራቾው እጄ ደረሰ።

የግራው የኋለኛ ብሎን ዳዶ በመጨረሻው ጥርስ ላይ ተንጠልጥሏል። በጣቴ ስነካው መዳፌ ላይ ወደቀ። ብሎኑ ራሱ ግማሽ ወጥቷል። ለጥቂት ጊዜ ዳዶውን መዳፌ ላይ ይዤ አየሁት። ከዚያ ብሎኑን ገፍቼ መለስኩ፤ ዳዶውን አስያዝኩ፤ ቁልፉን አስገብቼ አልዞር እስኪለኝ አጠበቅኩት። ቀጥሎ ሌላውን፤ ቀጥሎ የቀኙን ሁለት፤ ቀጥሎ የመሪውን። ስጨርስ ከመጀመሪያው ጀምሬ ስድስቱንም እንደገና ሞከርኳቸው።

ከላይ አያ ደምሴ ይጮኻሉ። «ማን ነው ሳያጠብቅ የሰደደን? ተሰማ ነው! ሠላሳ ዓመት መካኒክ ነኝ ይላል፤ ጥሩምባ ሲሰማ ብሎኑን ጥሎ የሚሮጥ! ይቺ ልጅ ባትኖር አልቀን ነበር! አገር ይስማው፤ ለሁሉም እነግራለሁ!»

ይህን ስሰማ አሁንም መኪናዋ ሥር ነበርኩ። ወጥቼ «እሳቸው አይደሉም» ማለት ነበረብኝ። ወጣሁ። አፌንም ከፍቻለሁ። እማማ ዘነቡ እያለቀሱ አቀፉኝ፤ ገበያተኞቹ «ጎበዝ» አሉኝ፤ ሙሉጌታ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠ። አፌን ዘጋሁ። ከአንድ ሰዓት በፊት ያ ሁሉ ድምፅ የወጣኝ ሰው፣ ሲመሰገን ዝም አለ።

ቁልቁለቱን በሰላም ወረዱ። ሞላና እኔ ተመለስን። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሆን ወሬው ከተማውን ሞላው። ሞላ የሚያውቀውን ሁሉ ተናግሯል፤ አያ ደምሴም ወገዳ ሲደርሱ መካነ ኢየሱስ ላሉ ዘመዶቻቸው በሙሉ ደውለዋል። አከራዬ በር ላይ ተቀብለው «ጀግና!» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ተሰማ ግን አርጅቷል። አንዱ ባለአይሱዙ መኪናዬን ከእንግዲህ ደብረ ታቦር ነው የማሠራው ብሏል አሉ» አሉ። ጋሽ ተሰማ ምን እንዳሉ ጠየቅኳቸው። «ምን ይላል? ምንም አላለም። ለቅሶ ቤት ቁጭ ብሏል።»

ምንም አላሉም። «ንገሪው ብያት ነበር፤ አልነገረችውም» ማለት ይችሉ ነበር። አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ናት።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከዚህ ገጠመኝ ድፍረት ተማርኩ እንድላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። እንደዚያ አይደለም። ዛሬም ሰው ፊት ስናገር እጄ ይቀዘቅዛል። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ቀን በፊት ዝምታዬን ጨዋነት ነው ብዬ አስብ ነበር፤ ሰውን የማይጎዳ፣ ቢበዛ እኔን ብቻ የሚያስቀር ነገር። «ትንሽ ይቀራታል» ስል ውሸት አልተናገርኩም። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። ጨዋም ነው። ሦስት ሰው ይዞ ገደል ሊገባ የነበረውም ያ ጨዋ ቃል ነው። እኛ አገር ብዙ ነገር እንዲህ ነው የሚነገረው፤ ሽማግሌ እንዳናስቀይም፣ የደስታ መንገድ እንዳናሰናክል፣ ነገሩን እናሳንሰዋለን። የሚሰማው ሰውም ባሳነስነው ልክ ይሰማል። ጥፋቱ የሰሚው አይደለም። አሁን ለተማሪዎቼ ስለ ብራቾ ሳስተምር ስለ ብሎን ጥብቀት የምናገረውን ያህል፣ ያልጠበቀ ብሎን ሲገኝ ምን ተብሎ መነገር እንዳለበትም አስተምራለሁ። አንድ በአንድ እያስነሣሁ ጮክ ብለው እንዲሉት አደርጋለሁ። ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ሁለተኛውን ነገር፣ ጋሽ ተሰማ ሲወቀሱ አፌን መዝጋቴን፣ ግን ከድምፅ ማነስ ጋር ማያያዝ አልችልም። መንገድ ላይ የጮኽኩት ሰው ሊሞት ስለነበር ነው፤ ያን ጊዜ ማንም ይጮኻል። ከዚያ በኋላ የቀረው አንድ የሰው ስም ነው። ስም ሲወድቅ አይታይም፤ አቧራም አያስነሣም። ለእሱ መናገር ከቁልቁለቱ አፋፍ ይልቅ ከበደኝ። ሌሊቱን ብዙ አልተኛሁም።

በማግስቱ እሁድ ጠዋት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ወደ ለቅሶ ቤቱ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ወንዶቹ በአግዳሚ ወንበር ተደርድረው ተቀምጠዋል። ያ ባለአይሱዙም አለ። ጋሽ ተሰማ ከጥግ፣ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። በር ላይ አልቆምኩም። ገብቼ መካከሉ ላይ ቆምኩ። ሰዎች ቦታ ሊለቁልኝ ተንቀሳቀሱ፤ አንዱ «ነይ ጀግናዬ፣ እዚህ ተቀመጪ» አለኝ።

«አልቀመጥም» አልኩ። «ትናንት ጋሽ ተሰማ ሲወጡ ብሎኑ እንዳልጠበቀ ንገሪው፣ መኪናዋ እንዳትንቀሳቀስ ብለው አዘውኝ ነበር። አልነገርኩትም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ከኋላ ያሉ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ «ምን አለች?» አሉ።

ወደ እሳቸው ዞሬ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ እንደገና ተናገርኩት።